ቦሱ ይክበድ፣ መንገዱ ግን አይርዘም

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዞር ብለን ስለ ጌም እናውራ። «በዚህ ጊዜ ስለ ጌም?» የሚል አይጠፋም። በልጅነቱ ካሴት እየነፋ ማሪዮ የተጫወተ፣ ወይም ጌም ላይ ተጥዶ የሚያመሽ ልጅ ያለው ሰው ግን ይረዳኛል።

መነሻዬ «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» ነው። ቲም ቼሪ የተባለ ትንሽ የአውስትራሊያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 አስተዋውቆት፣ ከስድስት ዓመት በላይ ካስጠበቀ በኋላ በሴፕቴምበር 2025 ለቀቀው። በወጣበት ሰዓት ገዢው ከመብዛቱ የተነሳ ስቲምን የመሳሰሉ ትልልቅ የጌም መሸጫዎች ተጨናነቁ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጭብጨባው ወደ ጭቅጭቅ ተቀየረ። አንዱ ወገን «ቦሶቹ ከልክ በላይ ከባድ ናቸው» አለ። ሌላው «ያልቻልክ ተለማመድ፣ አለዚያ ተወው» ብሎ መለሰ።

ለማታውቁት፣ በዚህ ዓይነት ጌም ገጸ ባሕሪዋ እየዘለለች፣ ግድግዳ እየቧጠጠች፣ ትንንሽ ጠላቶችን እየጣለች ትጓዛለች። በየክፍሉ መጨረሻ አንድ ኃይለኛ ጠላት መንገዱን ዘግቶ ይጠብቃታል። ቦስ የሚባለው እሱ ነው።

በእኔ እይታ ሁለቱም ወገኖች የሚጣሉት ባልሆነ ነገር ላይ ነው። የቦስ መክበድ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ያላስተማረውን ሲፈትን፣ ወይም የወደቀን ሰው እንደገና ከመሞከሩ በፊት ጊዜውን ሲበላበት ነው።

በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ አስታውሱ። ባውዘር ድልድይ ላይ ቆሞ እሳት ይተፋል። እሱን ለማለፍ የሚያስፈልገው ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ስንለማመደው የቆየነው ዝላይ ነው። ወይ ከላዩ ትዘላለህ፣ ወይ እሱ ሲዘል በሥሩ ትሮጣለህ፤ ከኋላው ያለውን መጥረቢያ ስትነካ ድልድዩ ይፈርሳል። አዲስ ትምህርት የለም። ያወቅከውን በጭንቀት ውስጥ ሆነህ ድገመው ነው የሚልህ።

የቲም ቼሪ የራሱ የ2017 ሥራ፣ የመጀመሪያው ሆሎው ናይት፣ ከዚህም የተሻለ ምሳሌ አለው። ማንቲስ ሎርድስ የሚባሉት ቦሶች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ አንዱ ብቻውን ይመጣል። ደጋግመህ እየሞትክም ቢሆን እንቅስቃሴውን ትለምዳለህ። እሱ ሲወድቅ ሁለቱ አንድ ላይ ይነሳሉ፤ የሚሰነዝሩት ግን ያንኑ የለመድከውን ነው፣ በእጥፍ። ስታሸንፋቸው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱሃል፤ ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ማንቲሶች አይነኩህም። ከባድ ነው፣ ግን አያታልልም።

አሁን ወደ ሲልክሶንግ ላስት ጀጅ እንምጣ። ውጊያው ራሱ ጥሩ ነው፤ ምቱ ቀድሞ ይታያል፣ ቦታውም ሰፊ ነው። ነገር ግን በተሸነፍክ ቁጥር ነፋስና አሸዋ በሚያንገላታው ገደል፣ በሚበርሩ ጠላቶች መሃል፣ ያንኑ ረጅም መንገድ እንደገና ትሮጣለህ። ብዙዎቹ ቦሶች ደግሞ በአንድ ምት ሁለት ነፍስ ይወስዳሉ። ሲጀመር ያለህ አምስት ስለሆነ ሦስተኛው ምት ይጥልሃል። በዚህ ላይ ላስት ጀጅ ተሸንፎ ሲወድቅ ይፈነዳል፤ ራቅ ካላልክ ይዞህ ይሄዳል። ይሄ ፈተና አይደለም፣ ወጥመድ ነው።

«ወደ ኋላ መመለሱ ድሉን ያጣፍጠዋል» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አለው፤ የምታጣው ነገር ከሌለ ፍርሃት የለም። ማሪዮም ቢሆን ባውዘር ጋ ከሞትክ ቤተ መንግሥቱን ከመግቢያው ያስጀምርህ ነበር። ያኔ ግን ምክንያት ነበረው። ጌሙ በሙሉ 40 ኪሎባይት ነበር፤ ትንሿን ነገር ማስረዘሚያው መንገድ ማስደጋገም ነው። ከዚያ በፊት በሳንቲም የሚሠሩት ማሽኖች ደግሞ ተጫዋቹ ቶሎ ሲሞት ያተርፉ ነበር። ዛሬ ሳንቲሙም የለም፣ የቦታ ጥበቱም የለም፤ ልማዱ ግን ቀርቷል።

ሌላ መንገድ እንዳለ በ2018 የወጣው ሴለስት አሳይቷል። ማደሊን ተራራ ስትወጣ የምትገጥማት ቦስ የራሷ ሌላ ገጽታ ናት። ስትሞት ወዲያው እዚያው ትነሳለህ፤ እንደገና ትሞክራለህ። የባሰበት ደግሞ የጌሙን ፍጥነት መቀነስ፣ ጭራሽ እንዳይሞት ማድረግም ይችላል። ይህ ምርጫ ስላለ ሴለስትን ቀላል ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

ቲም ቼሪ በመጀመሪያው ማስተካከያው ሙርዊንግና ሲስተር ስፕሊንተር የተባሉትን ቦሶች በጥቂቱ አቅልሏል። እኔ ብጠየቅ ቦሶቹን አልነካም ነበር። ተጫዋቹ የሚያርፍበትን አግዳሚ ወንበር ወደ ቦሱ በር አቀርበዋለሁ። ጎበዙ ከባዱን ውጊያውን ያገኛል፣ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰውም ሰዓቷን በውጊያው ያሳልፋታል።

እኔ ይሄ የሚያንገበግበኝ ያደግኩት ጌም ቤት ውስጥ በሰዓት እየከፈልኩ ስለሆነ ነው። ቦሱ ከባድ ሲሆን አንከፋም ነበር፤ እንዲያውም ሰፈሩ ሁሉ ከጀርባችን ቆሞ ይመክረን ነበር። የሚያበሳጨን ያንን ሁሉ መንገድ እንደገና ሮጠን በሩ ላይ ስንደርስ ባለቤቱ «ሰዓት ሞልቷል» ሲለን ነበር። ገንዘባችንን የበላው ቦሱ ሳይሆን መንገዱ ነበር።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?