«ጀግና» የተባለው ሬዚደንት ደከመኝ ማለት አልቻለም

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ተለቀቀ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተደረደረበት፣ ቲቪውም ፌስቡኩም ሐኪሞችን «ጀግኖቻችን» አለ። ቃሉ ከልብ ነበር። ግን ጀግና ከተባልክ በኋላ «እንቅልፍ አጣሁ፣ ያስለቅሰኛል» ማለት ከባድ ነው። በተለይ ለሬዚደንት።

ሬዚደንት ማለት ሐኪም ሆኖ ተመርቆ ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ ያለ ነው። ሌሊት ጥቁር አንበሳ ብትሄዱ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እሱን ወይም ኢንተርኑን ነው። ሥራ ሲበዛ «ሠራተኛ ነህ»፣ ክፍያ ሲጠይቅ «ተማሪ ነህ» ይባላል። ቀን ሠርቶ፣ ሌሊት ዱቲ አድሮ፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየሩ ፊት ቆሞ ይጠየቃል። ይሄ ከኮሮናም በፊት የነበረ ነው።

ወረርሽኙ የጨመረበት አለ። አንዱ በሽታውን ለቤተሰብ ይዞ የመግባት ፍርሃት ነው። ሌላው ውሳኔው፦ በ2013 ኦክስጅንና የመተንፈሻ ማሽን ባጠረበት ሰሞን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የታማሚ ልጅ «አልጋ የለም ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጮህ ፊት ለፊት የቆመው ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። የሚሰጠው መልስ በእጁ የለም፤ ሞቱን ግን ይዞት ቤቱ ይገባል።

አሜሪካን እንይ፤ የኛም ሐኪሞች ብዙ የሚሄዱበት ነው። እዚያ ከ2003 (በፈረንጆች) ጀምሮ ሬዚደንት በአማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተገድቧል። (80 ራሱ የጤና ቁጥር አይደለም።) ኮቪድ ሲመጣ ሥልጠናውን የሚቆጣጠረው አካል ብዙ ደንብ ሲያላላ የሰዓት ገደቡን ግን አልነካም። ያም አልበቃም። ኒውዮርክ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበረችው ዶ/ር ሎርና ብሪን ሚያዝያ 2020 ራሷን አጠፋች። ቤተሰቦቿ እንዳሉት፣ የአእምሮ ሕክምና ማግኘቷ ከታወቀ የሥራ ፈቃዷን እንዳታጣ ትፈራ ነበር። በ2022 በስሟ ሕግ ወጣ። እሷ እኮ ኃላፊ ነበረች። ውጤቱ በሲኒየሩ እጅ ያለ ሬዚደንትስ?

እዚህ አገር ደግሞ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናውን የጀመረው በ1995 ነው። ሬዚደንቱ ልታከም ቢል የሚያገኘው አስተማሪውን ወይ የክፍል ጓደኛውን ነው። «አማኑኤል ታየ» ከተባለማ አለቀ።

ስለዚህ የግማሽ ቀን የሥነ ልቦና ወርክሾፕ መፍትሔ አይመስለኝም፤ ከዱቲ የወጣ ሰው እዚያው ያንቀላፋል። የሚያስፈልገው ተጽፎ የሚከበር የዱቲ ሰዓት፣ ከሚሠለጥንበት ሆስፒታል ውጭ የሚታከምበት ቦታ፣ ፋይሉም ትምህርት ክፍሉ ጋር እንዳይደርስ ዋስትና ነው። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ስለ ደመወዝና ስለ ዱቲ ክፍያ ብዙ አወራን፤ የታሰሩም ነበሩ። ስለ እንቅልፍ ግን ብዙም አልተወራም።

የ2012ቱ ሬዚደንቶች ብዙዎቹ ዛሬ ሲኒየር ናቸው፤ ራውንዱን የሚመሩት እነሱ ናቸው። አንዳንዱ «እኛም እንዲሁ ነው ያለፍነው» ይላል።