ግምትም ዕውቀት ይፈልጋል

በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ምርጫ ጥያቄ ያለኝን አሳብ ለመግለጽ ብዕሬን ሳነሣ፣ አስተማሪ ለመምሰል ሳይሆን በራሴ ላይ የደረሰውን ለማካፈል መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት በታሪክ ፈተና ከ40 ጥያቄዎች 11ዱን ባዶ ትቼ ወጣሁ። ያላወቁትን መገመት ማጭበርበር ይመስለኝ ነበርና። ያገኘሁት 19 ሆነ፤ ግማሽ ለመሙላት የጐደለኝ አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረች። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ጥያቄውን ሳያነብ «ሐ»ን ከላይ እስከ ታች አጥቁሮ 10 አገኘ። እኔ በፍርሃቴ፣ እርሱ በስንፍናው፣ ሁለታችንም ወደቅን።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። አራት ምርጫ ባለው ፈተና በጭፍን የሚገምት ሰው ከ100 ጥያቄ በአማካይ የሚያገኘው 25 ነው። ከአራቱ ሁለቱን በምክንያት መጣል የቻለ ግን 50 ለማግኘት ተስፋ አለው።

ለምሳሌ «የዐድዋ ጦርነት የተደረገው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ሀ/ 1878፤ ለ/ 1888፤ ሐ/ 1898፤ መ/ 1908» ተብለን ብንጠየቅና ዓመቱ ቢጠፋብን ምን እናድርግ? የጦርነቱ መነሻ የውጫሌ ውል ነው፤ ውሉ የተፈረመው በ1881 ዓ.ም. ስለ ሆነ «ሀ» ይወድቃል። የዘመቱት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነውና «መ»ም ይወድቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን ያፈረሱት በ1885 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል ማለት ስለሚያስቸግር «ለ»ን እንመርጣለን።

«ይህ ላላጠና ተማሪ መሸሸጊያ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። የውጫሌን ውል ያልሰማ ተማሪ በምን ምክንያት «ሀ»ን ይጥላል? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ምርጫው ግን ለሁሉም እኩል ቀርቦ ነበር። ስለዚህ ምርጫ መኖሩ ብቻ ማንንም አያሳልፍም። ሳይዘሩ ማጨድ እንደሌለ ሁሉ፣ ሳያጠኑ ደኅና ግምት የለም።

በሌላ በኩል «ረጅሙ መልስ ትክክል ነው»፣ «ሦስት ጊዜ ለ አይደጋገምም» የሚባለው ወሬ ጥንቆላ እንጂ ምክንያት አይደለም። የፈተናውን መመሪያ ማንበብም ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ የሆነው ኤስ.ኤ.ቲ. እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ለስሕተት መልስ ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር። ቅጣት በሌለበት ፈተና ግን ባዶ መተው ራስን መቅጣት ነው።

በዘንድሮው የአጋማሽ ፈተና አንድም ባዶ አልተውሁም። በገመትኋቸው 9 ጥያቄዎች አጠገብ ምልክት አድርጌ ነበር፤ 5ቱ ትክክል ሆኑ። የቀሩትን 4 ወደ ቤቴ ይዤ ሄጄ አጠናኋቸው፤ ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ ሳልገምት እመልሳለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ! የምናውቀው ጥቂት ቢሆንም እንኳ አንናቀው፤ አስበን እንጠቀምበት።