የከርሰ ምድር ከሰል፦ ከጋዙ በፊት ውኃው ይጠና

ኢትዮጵያ በያዩ፣ በጭልጋና በሌሎች ስፍራዎች የድንጋይ ከሰል ክምችት አላት። ከሰልን ከመሬት ሳያወጡ፣ ባለበት ወደ ጋዝ የመለወጥ ዘዴም አለ። በአንድ ጉድጓድ አየር ገብቶ ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ በሌላው ጋዙ ይወጣል። ጋዙም ለኤሌክትሪክና ለዩሪያ ማዳበሪያ ምርት ያገለግላል።

ለዚህ የሚደረግ ፍለጋ ግን የከሰሉን መጠንና ጥልቀት በመለካት ብቻ ሊያበቃ አይገባም። በአውስትራሊያ፣ ቺንቺላ በተባለ የእርሻ አካባቢ በተካሄደ ሙከራ ከልክ ያለፈ ግፊት ዓለቱን ሰንጥቆ ጋዝ አሾለከ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአካባቢው ገበሬዎች ከ2 ሜትር በታች እንዳይቆፍሩ ተነገራቸው፤ በ2016 የኩዊንስላንድ ግዛት ዘዴውን አገደ።

ስለዚህ የዓለቱ ጥንካሬና የከርሰ ምድር ውኃው ፍሰት አስቀድሞ ሊጠና ይገባል። የየቀበሌው የምንጭና የጉድጓድ ውኃ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተመርምሮ ካልተመዘገበ፣ አርሶ አደሩ ኋላ ጉዳት ቢደርስበት የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።