ኢግሉን የማያውቀው ዓሣ አጥማጅ

የሚጥል በሽታ በእኛ አገር ሲነሳ ወሬው ከክብሪትና ከጠበል አያልፍም፡፡ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር የሚያስጠጋ አይጠፋም (እባካችሁ ተዉት፤ ጭሱ የሚያድነው ነገር የለም፡፡ ወደ ጎን አስተኙትና አጠገቡ ጠብቁ)፡፡ እኛ ጋዜጠኞችም ይህንኑ በየዓመቱ ጽፈን እንተኛለን፡፡ ዛሬ ግን ስለ ሌላኛው ጫፍ ላውራ፤ መድኃኒት እምቢ ስላለው ሰው፣ ስለ አንጎል ቀዶ ሕክምናና ከዚያ በፊት ስለሚመጣው የማስታወስ ፈተና፡፡

«ገና ክኒኑ ሳይዳረስ ስለ ቀዶ ሕክምና ታወሪያለሽ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ፡፡ እውነት አለው፡፡ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት 316 ሕሙማን አግኝተው ነበር፡፡ ተገቢውን ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም፡፡ ከዚያ ወዲህ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያ ፌኖባርቢታል እየሰጡ ብዙ ሰው መርዳት እንደሚቻል አሳይተዋል፡፡ ይሄ ይቅደም፤ አልከራከርም፡፡ ግን በየትም አገር ቢሆን መድኃኒቱን በሥርዓቱ እየወሰዱ መውደቃቸው የማይቆም ሕሙማን ከሦስት አንድ ያህል ናቸው፡፡ ጣና ላይ መረብ የሚጥል ሰው ታንኳው ላይ እያለ በሽታው ቢጥለው ምን እንደሚከተል ለባሕር ዳር ልጅ አይነገረውም፡፡ ቤት የዋለችውም ብትሆን ፊቷ ምድጃ አለ፡፡

ለእነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ቅንጦት አይደለም፡፡ ካናዳ ውስጥ 80 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ አገኙ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ውጤት እንደሚለው በዓመቱ ራስን ከሚያስት መውደቅ ነጻ የሆኑት ከፊተኞቹ 58 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 8 በመቶ ነበሩ፡፡

ችግሩ ቦታው ነው፡፡ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከጆሮ ግንዳችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን ውስጡ ሂፖካምፐስ የምትባል፣ አዲስ ነገር የምንይዝባት ትንሽ አካል አለች፡፡ በግራ ያለችው ይበልጡን ለቃል፣ በቀኝ ያለችው ይበልጡን ለመልክና ለቦታ ትሠራለች ይባላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ ሁለቱንም ጎን አወጡለት፡፡ መውደቁ ቀነሰለት፡፡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እስከሞተበት እስከ 2008 ድረስ አሁን ያገኘውን ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አያስታውሰውም ነበር፡፡ ከእሱ ወዲህ ነው ሐኪሞች ሳይፈትኑ መቁረጥ የፈሩት፡፡

ስለዚህ ኢኢጂ ይነሳል፣ ኤምአርአይ ይነሳል፤ የተጎዳችው ሂፖካምፐስ ኮስምና ትታያለች፡፡ ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሕሙሙን ቁጭ አድርጎ ይጠይቀዋል፡፡ ቃላት ያነብለታል፣ ሥዕል ያሳየዋል፣ ቆይቶ «የቱን ታስታውሳለህ?» ይለዋል፡፡ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፡፡

አንዱ ስመ ጥር የአሜሪካ ፈተና 60 ሥዕሎች እያሳየ ስም ያስጠራል፡፡ ከሥዕሎቹ አንዱ ኢግሉ ነው፤ ከበረዶ የሚሠራ ጎጆ፡፡ እስቲ ይህን ለዘጌ ዓሣ አጥማጅ አሳዩት! በሌላው፣ 15 ቃላት አምስት ጊዜ ተነበው በሚጠየቁበት ፈተና ውስጥ ደግሞ ተርኪ የሚባለው ወፍ አለ፤ ወደ እኛ ሲተረጎም አገር ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል፡፡

ሳቁን እንተወውና የሚያስፈራውን ልንገራችሁ፡፡ ሐኪሞች ውጤቱን የሚያነቡት እንዲህ ነው፡፡ ከመቆረጡ በፊት ጥሩ የሚያስታውስ ሰው ብዙ የሚያጣው አለው፣ ስለዚህ ይጠነቀቁለታል፡፡ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣው ግን ያ ቦታ ቀድሞውኑ ሞቷል ተብሎ ይታሰባል፡፡ እንግዲህ አስቡት፡፡ ዓሣ አጥማጃችን የወደቀው በማስታወስ ሳይሆን በኢግሉ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን «የሚያጣው የለውም» ተብሎ ይነበባል፡፡ ዋሽንግተን ያለ ሐበሻ በአስተርጓሚ ሲፈተንም ያው አደጋ አለበት፡፡ በግራ በኩል ከተቆረጡት ከመቶ ከ40 በላይ የሚሆኑት የቃል ማስታወሳቸው እንደሚቀንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናቶችን የደመረ ጽሑፍ አሳይቷል፡፡

ተቃራኒውም አለ፡፡ ድጓውን በቃሉ የያዘ የአብነት ተማሪ በሽታው ቢይዘውና ቢቆረጥ፣ ከያዘው ግማሹ ቢጠፋበት እንኳ፣ ስልክ ቁጥር በቃላችን መያዝ ከተውን ከእኛ ቢጤዎች ጋር ሲነጻጸር «ጤነኛ» ሊባል ነው፡፡ ለእሱ ግን ሙያው አለቀ፡፡

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችንም የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችንም እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ እጁ እየመጣ ነው፡፡ ማሽንም ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል፤ ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፣ እኛም ፎቶ እናነሳለን፡፡ ለቃላት ዝርዝር ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላየሁም፡፡ ይሄን ፈተና ደግሞ ማንም ሸጦልን አያውቅም፣ አይሸጥልንምም፤ በአማርኛ የሚያስብ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይገባል፡፡ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሰዓትና ብዙ ትዕግሥት ነው፡፡ ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት አለ፣ ጥበበ ግዮን አለ፣ የሥነ ልቦናና የአማርኛ ተማሪዎች ያሉበት ዩኒቨርሲቲ አለ፡፡ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን እያላችሁ ለምታማርሩ ተማሪዎች ይኸው፡- ጤነኛ የሆኑ ሰዎችን፣ የተማረውንም ያልተማረውንም፣ የገበሬውንም የባጃጅ ሾፌሩንም ፈትናችሁ «የእኛ ሰው በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ትምህርት ይህን ያህል ያስታውሳል» የሚል መለኪያ አውጡልን፡፡ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ድረስ እንኳ፣ እየወደቀ ትምህርት አልገባ ላለው ልጅ አስተማሪው «ሰነፍ» ከማለቱ በፊት ይጠቅማል፡፡

ቃላቱን መምረጥ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፡፡ እኔ ለሙከራ ዝርዝር ስጽፍ መጀመሪያ የመጡልኝ ታንኳ፣ አምባዛና ደንገል ነበሩ፡፡ ደንገል ለባሕር ዳር ልጅ የሁልጊዜ ቃል ነው፡፡ የደሴ ልጅ ጓደኛዬን ብጠይቃት «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ፡፡ ሰርዤዋለሁ፡፡