ስለ አጭር ዕረፍት ለመርካቶ ሰው የቀረበ ሐሳብ

የመርካቶ ሰው ኢትዮጵያን በጭነቷ ያውቃታል እንጂ በዓይኑ አይቷታል ለማለት ያስቸግራል። በእህል በረንዳ ቆሞ የአዳን ጤፍ ከጎጃሙ በእፍኝ ዘግኖ የሚለይ፣ ማሩን ቀምሶ ቅቤውን አሽትቶ የመጣበትን አገር የሚናገር፣ ከየክፍለ ሀገሩ ዕቃ ሊያነሡ ከሚመጡ ደንበኞቹም የዝናቡንና የአዝመራውን፣ የመንገዱንና የኬላውን ወሬ ከጋዜጣ አስቀድሞ የሚሰማ ነጋዴ፣ ስማቸውን በየቀኑ በደረሰኝ ላይ የሚጽፋቸውን ከተሞች ሳያይ ፀጉሩ ይሸብታል። የሩቅ አገር አውቶቡስ ሲነሣበት የኖረው አውቶቡስ ተራ ከሱቁ ደጃፍ ሳይርቅ፣ እርሱ ዘወትር መንገደኛውን ይሸኛል እንጂ መንገደኛ አይሆንም።

ይህ ሰው እግዚአብሔር ረድቶት ጥሪት ሲቋጥርና ልጆቹም ዕረፍት እንውጣ ብለው ሲወተውቱት፣ ሐሳቡ የሚበርረው ወደ ባሕር ማዶ ነው፤ የዛንዚባር፣ የሲሼልስና የታይላንዷ የፑኬት ስም ይነሣል። ለሸቀጥ ወደ ባንኮክ የሚመላለሰውም ከግዢው የሚተርፉትን ሁለት ቀናት በደሴት አሳልፋቸዋለሁ ብሎ ይነሣና፣ ቀኑን በጅምላ ገበያ ሌሊቱን ካርቶን በማሰር ጨርሶ፣ የቀረችውን ሰዓት በአውሮፕላን ጣቢያ ወንበር ላይ አንቀላፍቶባት ይመለሳል። ባሕር ማዶ መሻገርን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ዓለምን ማየት ለአእምሮ ብርሃን ነውና። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ዕረፍት ለብዙው ቤተሰብ ከዐቅም በላይ ሆኗል፤ ዐቅሙ ያለውም ቢሆን ጥቂት ቀናትን በረጅም ጉዞ ላይ ቢበትናቸው፣ ገንዘቡን እንጂ ድካሙን ጥሎ አይመጣም።

ሐሩር ምድር ለመፈለግም ውቅያኖስ መሻገር ግድ አይደለም። አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3ኛው እስከ 15ኛው ዲግሪ የተዘረጋች ስለሆነች ራሷ የሐሩር አገር ናት፤ የደጋው ብርድ ይህን አስረሳን እንጂ ከሸዋ ተራሮች ወደ ስምጥ ሸለቆ የወረደ ሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላው ካፖርቱን ያወልቃል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዕረፍት የሚወጣ ሰው ምጽዋ ወርዶ ባሕር ያይ ነበር፤ የዳህላክም ደሴቶች በካርታችን ላይ ነበሩ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ የባሕር ደሴት የለንም፤ የሐይቅ ደሴቶች ግን፣ ያውም ገዳማትና ጥንታውያን መጻሕፍት ያሉባቸው፣ አልጎደሉብንም።

እንግዲህ አጭር ዕረፍት ለሚያቅድ ሰው የመጀመሪያው ሕግ ቦታውን ከመምረጥ በፊት ቀኑን መቍጠር ነው። አራት ቀን ያለው ሰው በእውነቱ ያለው ሁለት ቀን ነው፤ ፊተኛውንና ኋለኛውን መንገድ ይወስዳቸዋልና። ስለዚህ ሁለት ሐይቅና ሁለት ከተማ ይበቁታል፤ ከዚያ በላይ የቦታ ስም የሚደረድር፣ የደረሰበትን ሁሉ በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋል። ወራቱም የታወቁ ናቸው፤ ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ በተለይም በጥቅምትና በኅዳር፣ ምድር ገና ልምላሜዋን ሳትጥል ሰማዩ የጠራ ይሆናል።

በዚህ ሕግ የሄድን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው ዝዋይ ነው። ዛሬ ባቱ የምትባለው ከተማ ከዋና ከተማችን በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሐይቁም አምስት ደሴቶች አሉት፤ ከእነርሱም ትልቁ ቱሉ ጉዶ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት መጥተው መከራው እስኪያልፍ ድረስ ተሸሽገውበታል፤ በገዳሙም የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። የደሴቶቹ ባለቤቶች የዛይ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው የስልጥኛና የሐረሪ ዘመድ ስለሆነ፣ ከመርካቶ የሄደ የስልጤ ነጋዴ በጀልባው ላይ የሚሰማው ንግግር ከናቱ ቤት አነጋገር ብዙ የራቀ እንዳልሆነ ያስተውላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ በማለዳ መሳፈር ይገባል፤ መዋኘት የሚሻ ግን በዝዋይ ውሃ አይግባ፣ በመንገዱ ላይ ያለው ላንጋኖ ከብልሃርዝያ ነጻ ነው ይባልለታልና እስኪደርስ ይታገሥ። ከዚያ ወደ ሐዋሳ ማለፍ ነው፤ በዚያም ማለዳ በአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች ከሐይቁ ሲመለሱ ማየት፣ ማታም በሐይቁ ዳር መቀመጥ ለቀረው ቀን በቂ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የጣና መንገድ ነው፤ ክብሩም ከፊተኛው ይበልጣል። በዚያ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች ይቈጠራሉ፤ ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያረፈበት ነው፤ ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ አሳንጸዋታል፤ በዘጌ ደግሞ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች በቡናው ጫካ ውስጥ ይጠብቃሉ። ባለ ትዳር ይህን ያስብ፤ ዳጋና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውምና ሚስቱንና ሴት ልጆቹን ጀልባ ላይ ጥሎ ከመውጣት ይልቅ አስቀድሞ ዘጌንና ናርጋን ይምረጥ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ለዚህ ጉዞ እንቅፋት ሆኖበታል፤ ጎብኚ የጠፋባቸው ጀልበኞችና አስጎብኚዎችም ያለ ሥራ ሰንብተዋል። ስለዚህ ባሕር ዳርን የሚያስብ ሰው ከዚያው ከሚኖር ደንበኛው ጠይቆ፣ ሰላሙን አረጋግጦ ይነሣ፤ ካልተመቸም ለሌላ ዓመት ያቆየው።

ሱቅ ተዘግቶ እንዴት ይሆናል የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ፤ መልሱን ግን መርካቶ ራሱ ሰጥቶናል። መስቀል ሲደርስ ጉራጌው፣ ዐረፋ ሲደርስም ስልጤውና ሌላው ሙስሊም ወንድማችን መዝጊያውን ቈልፎ አገሩ ይገባል፤ ገበያውም ይሳሳል፤ በዚህ ምክንያት ደሀ የሆነ ነጋዴ ግን አልታየም። እርግጥ ነው፣ ያ ጉዞ የወላጅና የዘመድ ዕዳ መክፈያ ስለሆነ ደስታው ከድካም ጋር ነው፤ ቁልቢና ግሸን የሚወርደውም ምእመን የሚሄደው ስእለቱን ለማድረስ ነው። እኔ የምለው ከነዚህ ሌላ፣ ከሚስትና ከልጆች ጋር ብቻ የሚሆን ዕረፍት ነው። ፈጣሪ ራሱ ከሥራው ያረፈበትን ቀን ቀድሶ ከሰጠን፣ ዓመቱን ሙሉ ሚዛን ላይ ለቆመ ሰው አራት ቀን ቅንጦት ተብሎ አይነቀፍም።

በደሴት ዙሪያ ያሉ ሹማምንትም የበኩላቸውን ይሥሩ፤ የጀልባ ዋጋ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ለተሳፋሪው ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይኑር፣ ገቢውም ለደሴቱ ሰው ይድረስ። እንግዳ የተከበረበትን ቦታ ዳግመኛ ያየዋል፤ የተቀማበትን ግን ለዘመዱ ሁሉ ያወራበታል።

የገንዘቡ ነገር ከዕቁብ አይወጣም። ለሸቀጥ፣ ለመኪናና ለሠርግ ዕቁብ መጣል የሚያውቅ ገበያ ለዕረፍትም መጣል አያቅተውም፤ በአንድ ተራ ያሉ ጎረቤታሞች ከዛሬ ጀምረው በየሳምንቱ ጥቂት ቢጥሉ፣ በሚመጣው ጥቅምት እየተፈራረቁ አንዱ የሌላውን ሱቅ እየጠበቀለት ሁሉም ይደርሳቸዋል። እንግዲህ የመርካቶ ሰው ሆይ፣ በመጀመሪያ ቀኑን ቍረጥ፣ ዕቁቡን ጣል፣ መንገዱን ጠይቅ፤ ከዚያም ልጆችህን ይዘህ በደረሰኝ ላይ ብቻ የምታውቀውን አገርህን እይ።