ድምፅን በራሳችን ውሃ እንፈትን

ከሞጣ ወደ ዐባይ ወርዶ በሰባራ ድልድይ አጠገብ ማዶ ያለውን ሰው የተጣራ ሁሉ ቃል ማጣደፍ እንደማይበጅ ያውቃል። አንዱን ቃል አርዝሞ ይለቃል፤ ገደል ማሚቶው እስኪጠፋ ይታገሣል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ያስከትላል። በውሃ ውስጥ መልእክት ለማስተላለፍ የሚደክሙ መሐንዲሶችም የገጠማቸው ችግር ይኸው ነው።

የራዲዮ ሞገድ በአየር ይከንፋል እንጂ ውሃ ውስጥ ጥቂት እንደ ሄደ ይሞታል። የቀረው ድምፅ ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ከሚጓዘው ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ነገር ግን ከወለሉና ከውሃው ገጽ እየነጠረ ስለሚመለስ አንዱ ቃል በሌላው ላይ ይደረባል። መሣሪያዎቹ ከውሃው ሥር ተራርቀው ተቀምጠው፣ እረኞች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ወሬ እንደሚቀባበሉት፣ መልእክቱን ይቀባበላሉ፤ የመጨረሻው ከላይ ለተንሳፈፈው የራዲዮ መሣሪያ ያስረክባል።

«ይህ ለቢቸናና ለሞጣ ገበሬ ልጅ ምኑ ነው?» የሚል ወንድም አይታጣም። አፈሩ ነዋ! ከጮቄ የሚነሱት ሱሃና ሙጋ በየክረምቱ የአባቶቻችንን ማሳ እየላጡ ለዐባይ ይሰጣሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ደለሉም ከውሃው ጋር ወደዚያው ነው። በየትኛው ጥግ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል እንደ ተኛ ክረምት ከበጋ ሊነግረን የሚችል ከሥር ተቀምጦ በድምፅ የሚናገር መሣሪያ ነው።

«ሲያስፈልግ ገዝተን እናስገባለን» ማለት የተለመደ መልስ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ጃኑስ የተባለው የውሃ ውስጥ መነጋገሪያ ደንብ በ2009 ዓ.ም. በኔቶ የጸደቀው በባሕር ተፈትኖ ነው። ጣና ግን በጣም በሚጠልቅበት ሥፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ጭቃ ያፈሱበታል፤ ጭቃው ከድምፁ ይቀንሳል፤ ዝናቡም የውሃውን ገጽ ሲደበድብ ሌላ ጫጫታ ነው። የሻጭ ወረቀት ይህን መቼ ይጽፋል?

ደግሞም ጣና ለድምፅ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ወደ ወለሉ ድምፅ ልከው ነጥሮ የተመለሰውን በማንበብ፣ ከሥሩም ደለል አውጥተው በመመርመር፣ ሐይቁ ከ16,700 ዓመት በፊት ደርቆ እንደ ነበር፣ እንደገና ሞልቶ ወደ ዐባይ የፈሰሰውም ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ አሳይተዋል።

ገንዘብ የለም ለሚለውም መልስ አለ። ኮላዶንና ስቱርም እ.ኤ.አ. በ1826 በጄኔቫ ሐይቅ የድምፅን ፍጥነት የለኩት በሁለት ጀልባ፣ በደወልና በባሩድ ነው፤ 1,435 ሜትር ብለው አገኙ፤ ከዛሬው ልክ እምብዛም አልራቁም። ለባሕር ዳር የምህንድስና ተማሪዎች ሐይቁ ከደጃቸው ነው። በጥርና በነሐሴ ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው መቶ መቶ መልእክት ይላክ፤ ስንቱ እንደ ደረሰ ተቆጥሮ በዚሁ መጽሔት ይውጣ። ስለ መግዛት ከዚያ ወዲያ እንነጋገራለን።