ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ መቀነት የተነገረ ቢሆንም ለኮምፒውተር ሥራም ይስማማል።

በአዲስ አበባ፣ በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ገርጂ አካባቢ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለ እንበል። በሊኑክስ የሚሠራው አሮጌ ኮምፒውተር ሰዓቱን የምትጠብቅለት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ደክማለች። በዚህም ምክንያት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብዙ የኢንተርኔት ገጾችም አልከፈት ይላሉ። ደንበኞች ቆመው ስለሚጠብቁ ሠራተኛው ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር የዚያን ዕለት ቀን የሚሞላ አጭር ስክሪፕት ይጽፋል። ገጾቹ ይከፈታሉ፤ ሥራው ይቀጥላል፤ ባትሪዋም ትረሳለች።

ከወራት በኋላ አዲስ ሠራተኛ ባትሪዋን ለውጦ፣ ስክሪፕቱን አጥፍቶ ቀኑን ያቃናል። ነገር ግን ከ30 ቀን በላይ የቆዩ ፋይሎችን የሚሰርዝ ሌላ ስክሪፕት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ትናንት የተጻፉት ውሎችና የመመረቂያ ጽሑፎች በአሮጌው ቀን የተመዘገቡ በመሆናቸው ሁሉም ይደመሰሳሉ። ስክሪፕቶቹ የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ ጥፋቱ የጥገናው አለመመዝገብ ነው።

ጊዜያዊ ጥገና ነውር ነው ማለቴ ግን አይደለም። የግእዝ ፊደል ራሱ ወደ ኮምፒውተር የገባው በእንዲህ ያለ ብልሃት ነበር። ቀደምት ባለሙያዎች የላቲን ፊደላት በያዙት ቦታ የእኛን ተክተው ማሽኑን አማርኛ አስጻፉት። ሆኖም አቀማመጡ እንደየሠሪው ስለተለያየ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዘላቂ መፍትሔ የተገኘው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሲሰጥ ነው። ዛሬም ቢሆን በአሮጌው አሠራር የተጻፈ ሰነድ ካልተለወጠ በቀር በትክክል አይነበብም።

እንግዲህ ጊዜያዊ ጥገና ብድር ነው፤ ብድር ደግሞ ይመዘገባል። በስክሪፕት ውስጥ በ«#» ምልክት የሚጀምር ማስታወሻ ማሽኑ የሚያልፈው፣ ሰው ግን የሚያነበው ነው። ጥገናው ለምን፣ መቼና በማን እንደተሠራ፣ መቼስ እንደሚነሣ በዚያ ይጻፍ። ይህን ያደረገ ሰው እየሮጠ ቢታጠቅም እንኳ፣ ቆሞ አጥብቆ መታጠቅ እንደሚቀረው አልዘነጋም።